ሁለት የድሮ ህትመት ፖስተሮች፦ አንዱ ድንቅ፣ አንዱ ያሳዘነኝ

እውቀትንና ተፈጥሮን በሰው አምሳል የሚያሳዩ የድሮ ህትመቶች ነፍሴ ናቸው። በቅርቡ ከአንድ የኦንላይን ሻጭ ሁለት ፖስተር አዝዤ ነበር።

አንዱ ዲዴሮና ዳላምቤር ያዘጋጁት የፈረንሳዩ ኢንሳይክሎፔዲ (የዕውቀት ዘርፎችን ሁሉ የሚያብራራ ትልቅ መዝገብ) የመክፈቻ ሥዕል ነው። ኮሽን እ.ኤ.አ. በ1764 ሳለው፣ ፕሬቮ በ1772 መዳብ ላይ ቀረጸው። ከላይ እውነት መሸፈኛ ለብሳ ታበራለች። አመክንዮና ፍልስፍና ሊገልጧት ተጠምደዋል፤ አንዷ መሸፈኛውን ታነሳለች፣ ሌላዋ ትጎትታለች። ምናብ በሌላ በኩል ልታስጌጣት ተዘጋጅታለች። ታሪክ ትጽፋለች፤ መደገፊያ የሆናት ጊዜ ራሱ ነው። ይቺን ሐሳብ ስወዳት!

እስከዚህ ድረስ ፖስተሩ ጥሩ ነው። ወደ ታች ሲወርዱ ግን ይበላሻል። ሥነ ፈለክ የምትለየው በከዋክብት አክሊሏ ነው፤ ፊዚክስ ደግሞ እጇን ባሳረፈችበት የአየር ፓምፕ። ሁለቱም ጠቁረው ጠፍተዋል። ፓምፑ ካልታየ ፊዚክስ ማንም ሴት ናት፤ ሥዕሉ ላይ ስሟ አልተጻፈ። በመዳብ ቅርጽ ጥላ የሚሠራው በተጠላለፉ ቀጫጭን መስመሮች ነው። በመስመሮቹ መሃል ነጩ ወረቀት መታየት አለበት። ስካኑ ደካማ ከሆነ ነጩ ይደፈንና ሁሉም ጥቁር ይሆናል። ለሻጩ ጻፍኩ፤ መልሱ ፈጣንና ትሁት ነበር። ያቀረበልኝ ግን ከዚያው ፋይል ሌላ ቅጂ ማተም ነው። ምን ሊለወጥ?

ሁለተኛው ሚካኤል ማየር እ.ኤ.አ. በ1617 ካሳተመው የአልኬሚ (ተራ ብረትን ወደ ወርቅ ለመለወጥ ይሞክር የነበረ የድሮ ጥበብ) መጽሐፍ የተወሰደ ነው። ተፈጥሮ በጨረቃ ብርሃን ትጓዛለች። አንድ ሽማግሌ ዱካ ዱካዋን ይከተላታል፤ በትር፣ መነጽርና ፋኖስ አለው። ከሥዕሉ ጋር ያለው ጽሑፍ ይፈታዋል፦ ተፈጥሮ መሪው፣ አመክንዮ በትሩ፣ ልምድ መነጽሩ፣ ንባብ ፋኖሱ ይሁኑ ይላል። የሥዕሉ ልብ መሬት ላይ የታተመው የእግሯ ዱካ ነው፤ እሱ ደግሞ እዚህ ጥርት ብሎ ይታያል። ወረቀቱ አያንጸባርቅም፣ ወፍራም ነው። ከመጽሐፍ ገጽ ስለተጎላ መስመሮቹ ትንሽ ወፍረዋል፤ እኔን አልረበሸኝም።

የማየርን ሳታመነቱ ግዙት። የኮሽንን የምትፈልጉ ግን ከመክፈላችሁ በፊት የፊዚክስን እጅ በቅርብ የሚያሳይ ፎቶ ጠይቁ። ፓምፑ ካልታየ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።