አንታንክስ ወይስ ቤሎሄድ?

የተረሱ የእንግሊዝ የሕዝብ ዘፈኖችን መስማት ለሚጀምር ሰው ሁለት በር አለ። አንዱ ጸጥ ያለ ነው፤ ሌላው ጫጫታ።

ጸጥ ያለው አንታንክስ የተባለው ባንድ ነው። ሬቸልና ቤኪ አንታንክ ከሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ የመጡ እህትማማቾች ናቸው። ሲዘፍኑም የአካባቢያቸውን ዘዬ አይደብቁም። ስለ ከሰል ቆፋሪዎችና ስለ መርከብ ሠሪዎች የተዘፈነውን ከየጓዳው አውጥተዋል። እኔን የማረከኝ ግን በእንግሊዛዊቷ ደራሲ በኤሚሊ ብሮንቴ ግጥሞች ላይ የሠሩት ሥራቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1818 የተወለደችውን ኤሚሊን ብዙ ሰው የሚያውቃት በልቦለዷ እንጂ በግጥሟ አይደለም። የባንዱ ፒያኖ ተጫዋች አድሪያን ማክናሊ ለአሥር ግጥሞቿ ዜማ ሠራላቸው። የተቀዱትም ሃዎርዝ በተባለችው የእንግሊዝ መንደር ውስጥ እሷ በኖረችበት ቤት፣ በራሷ ፒያኖ ነው። የአሮጌው ፒያኖ ድምፅ ትንሽ ሸካራ ነው፤ ለእኔ ጣዕሙ እሱ ላይ ነው።

ጫጫታው በር፣ ቤሎሄድ የተባለው ባንድ፣ ሌላ ዓለም ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ተመሠረተ፤ መድረክ ላይ 11 ሰው! ትሮምቦኑ፣ ሳክስፎኑ፣ ቫዮሊኑ አንድ ላይ ሲነሳ ቁጭ ማለት አይቻልም። በ2012 ያወጡትን አልበም «ብሮድሳይድ» አሉት። ቃሉ ድሮ በየመንገዱ በርካሽ ይሸጥ የነበረውን፣ ግጥም የታተመበትን ነጠላ ወረቀት ያመለክታል። በ2016 ተሰነባብተው ነበር፣ በኋላ ግን ተመለሱ።

የቤሎሄድ ችግር አንዳንዴ ግጥሙ በትንፋሽ መሣሪያዎቹ መዋጡ ነው። አንታንክሶች ደግሞ ድግስ ላይ ቢከፈቱ ቤቱን ለቅሶ ቤት ያስመስሉታል። ለጭፈራ ቤሎሄድን ክፈቱ። ግጥሙን መስማት ከፈለጋችሁ ግን አንታንክስን፣ ማታ፣ በጆሮ ማዳመጫ።