ሐረጎን ያለ ጭንቀት ወጣሁ፤ ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ!

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች። ይህን ጻፊ ብሎ የለመነኝ የለም። እንዲያውም መኪናዬን የሰሩልኝ መካኒክ፣ ጋሼ የምላቸው፣ «ተይው ልጄ፣ ምን ሰራሁና» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን አላስችል አለኝ።

ስራዬ ኮምቦልቻ ነው፣ ቤቴ ደሴ። በአሮጌ ቪትዝ በየቀኑ እመላለሳለሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ግን መሃሉ ላይ ሐረጎ የሚባለው ዳገት አለ። ሐረጎን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጥምዝምዙ፣ ጭጋጉ፣ ከፊት የጭነት መኪና፣ ከኋላ የቸኮለ ሚኒባስ።

ሰኔ ላይ ነው የጀመረው። ያቺ ቢጫ የሞተር ምልክት፣ ቼክ ኢንጂን የሚሏት፣ ቦግ ብላ በራች። ችላ አልኳት። በሦስተኛው ቀን ከስራ ስመለስ ሐረጎን እየወጣሁ ነዳጅ እረግጣለሁ፣ መኪናዋ አልሰማ አለችኝ። ታፈነች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ልትቆም ደረሰች። ከኋላዬ ያለው የጭነት መኪና ክላክሱን ለቀቀው። ዳር ይዞ ለመቆም ቦታ የለም። እጄ መሪው ላይ ደርቆ ቀረ። ከዚያ በድንገት ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ተነስታ መውጣት ጀመረች።

ሳምንት ሙሉ ሰላም ትሆናለች፣ ከዚያ በአንድ ቀን ሁለቴ ታደርገዋለች። ጋራዥ ስወስዳት ደግሞ ጤነኛ ናት። «ምንም የለባትም እኮ እህቴ» ይሉኛል። ውሸታም ሆኜ ቀረሁ።

የሄድኩባቸውን ጋራዦች ስም አልጠራም። ግን ምሬቴን ልናገር። የመጀመሪያው ኮምፒውተር ሰካና ካንዴላ ይቀየር አለኝ፣ ተቀየረ፣ ያው ናት። ሁለተኛው መብራቷን አጥፍቶልኝ 1,500 ብር ተቀበለኝ። በደስታ ከግቢው ወጣሁ፣ ቤቴ ሳልደርስ ተመልሳ በራች። ለካ ያጠፋው መብራቱን ብቻ ነው፣ ችግሩ እንዳለ ነበር። ሦስተኛው ጋ የቤንዚን ፓምፕ ተቀየረ፣ ሦስት ቀን መኪናዬን ይዘው አስቀመጡኝ፣ ስጠይቃቸው ደግሞ «ባልሽን ላኪውና እናስረዳው» አሉኝ። ይህቺን መቼም አልረሳትም። ገንዘቡን የከፈልኩት እኔ ነኝ፣ የምነዳውም እኔ ነኝ! ሌላው ደግሞ «ደሴ ደጋ ነው፣ አየሩ ቀጭን ነው፣ እዚህ መኪና ሁሉ ይደክመዋል» ብሎ ሸኘኝ። የመጨረሻው ሞተሩ አልቋል፣ ይቀየር አለ። የእቁብ ብሬ እንዳለ አለቀ። ከ30 ሺህ በላይ ወጥቶ መብራቷ አሁንም ቦግ እንዳለች ነች።

ወገቤን የቆረጠኝ ግን እናቴ ናት። እናቴ ሐይቅ ነው የምትኖረው፣ ስኳር አለባት፣ ደሴ ለክትትል የማመላልሳት እኔ ነኝ። አንድ ቀን አብራኝ እያለች መኪናዋ ታፈነች። እናቴ ምንም አላለችም። የጋቢዋን ጫፍ ጨብጣ ዝም አለች። በሚቀጥለው ቀጠሮ ግን ደውላ «አትልፊ ልጄ፣ እኔ በሚኒባስ እመጣለሁ» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ጋሼን የጠቆመኝ አንድ የዶልፊን ሹፌር ነው። ፈጣሪ ይስጠው። ግቢያቸው ሁለት መኪና በጭንቅ የሚያስገባ፣ የቆርቆሮ ጥላ ያለው ነው። ስገባ ምን ይሆን ይሄ ብዬ ነበር፣ አልዋሽም። እጃቸውን ታጠቡ፣ በርጩማ ሰጡኝ፣ ከዚያ ጠየቁኝ። በቃ፣ ጠየቁኝ! እስከዚያ ቀን ማንም አልጠየቀኝም። ሞተሩ ሲሞቅ ነው ወይስ ሲቀዘቅዝ? ዝናብ ሲዘንብ? ቤንዚን ሲጎድል? ጉድጓድ ስትመቺ? ኩርባ ላይ? የምመልሰውን ሁሉ በቁራጭ ካርቶን ላይ በእርሳስ ይጽፋሉ። እየተናገርኩ ለራሴም ገባኝ፤ ሁሌም ኩርባ ላይ ነው፣ ወይም መንገዱ ሲበላሽ።

የደጋውን ነገር ስነግራቸው «ደጋ ከሆነ ሁልጊዜ ነው የሚያደክማት እታለም፣ መጥቶ የሚሄድ ደጋ የለም» አሉኝ። ከዚያ ኮምፒውተራቸውን ሰኩ። የወጣውን ቁጥር አይተው ወዲያው ዕቃ ግዢ አላሉኝም። «ኮዱ ሰፈሩን ነው የሚነግረን፣ ቤቱን አንኳኩቶ ማግኘት የእኛ ስራ ነው» አሉ።

ቀጥለው «እስቲ አንቺ ንጂ፣ እኔ አጠገብሽ ልቀመጥ» አሉ። ሬዲዮውን አጠፉ። ቁጥር የምታሳይ ትንሽ መሣሪያ ጭናቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ያዳምጣሉ። ሐረጎን ይዘን ወጣን። ልቤ ይመታል። ዛሬም ጤነኛ ሆና ታዋርደኛለች ብዬ ነበር። አንዱ ኩርባ ላይ ግን ያቺ የለመድኳት መታፈን መጣች። እኔ ደነገጥኩ፣ እሳቸው ግን እንደ ልጅ ደስ አላቸው። «አብሽር! አብሽር! መጣችልን! ቀስ ብለሽ ያዢያት» አሉኝ። እኔ ሳልሆን መኪናዋ መታመሟን የሚመሰክርልኝ ሰው አገኘሁ። ያቺን ሰዓት በምን ቃል እንደምነግራችሁ አላውቅም።

ስንመለስ ሞተሩ እንደበራ ኮፈኑን ከፈቱ። ገመዶቹን አንድ በአንድ በሁለት ጣታቸው ነካ፣ ነካ ያደርጋሉ። ከኋላ በኩል አንዷን ሲነኩ ሞተሩ ታፈነ። ሲለቁ ተነሳ። ደግመው አሳዩኝ። «ነይ እይ» ብለው ባትሪ አበሩልኝ። ገመዷ ከአንድ ብረት ጋር ሲፋተግ ኖሮ ልብሷ ተልጦ መዳቧ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ያበራል። ኩርባ ላይ ሞተሩ ዘንበል ሲል ብረቱን ትነካለች አሉኝ። ገመዷ ከየት ወዴት እንደምትሄድም አስረድተውኝ ነበር፣ እሱ እንኳን አልገባኝም።

በስታኞ በየዷት፣ ጠቀለሏት፣ ከብረቱ አርቀው አሰሯት። አለቀ። ለዚህች ገመድ ነው ሁለት ወር ያለቀስኩት!

ሦስተኛው ጋራዥ ያወለቀው የድሮው የቤንዚን ፓምፕ ኋላ ሻንጣው ውስጥ ነበር። ጋሼ አምጪው አሉኝ። ከባትሪ ጋር አገናኙት፣ እምም ብሎ ዞረ። ደህና ነበር ማለት ነው። ስለ ሰውየው አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። «ሰው ይሳሳታል፣ አስቀምጪው፣ አንድ ቀን ይጠቅምሻል» ብቻ አሉ።

ስንት ልክፈል ስል «ሦስት ቀን ንጂያት። ካልተመለሰ ትከፍይኛለሽ» አሉኝ። ስልኬን እንኳን አልያዙም። በሦስተኛው ቀን ሄጄ 600 ብር ነው የተቀበሉኝ። ልጨምር ብል «ምን ቀየርኩልሽና? ይልቅ እናትሽ ዱአ ታድርግልኝ» አሉ። አንጀቴን አራሱኝ።

እናቴን ያን ሳምንት ራሴ አመጣኋት። ቤት ገብተን ቡና ሲፈላ፣ አቦሉን ይዛ የማታውቃቸውን ሰው ስታመሰግንና ስትመርቅ ብትሰሟት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ሊሞላ ነው፣ መብራቷ አልበራችም፣ መኪናዋም አልታፈነች።

ከእሳቸው የሰማሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያቺ የሞተር መብራት ሳትብለጨለጭ ከበራች ተረጋግታችሁ ወደ መካኒክ ውሰዷት። ብልጭ ድርግም ካለች ግን ዳር ይዛችሁ አቁሙ፣ አትንዱ። ኮዱን ማጥፋት ደግሞ ጥገና አይደለም፣ ለዚህ ብር እንዳትከፍሉ።

መኪናችሁ አንዴ ጤነኛ አንዴ በሽተኛ እየሆነች ያሰቃየቻችሁ፣ ኧረ ሂዱ እባካችሁ! ሞተር ቀይሩ የተባላችሁማ ሳትቀይሩ እሳቸው ይዩላችሁ። እህቶቼ፣ እናንተም ብቻችሁን ሂዱ፣ ባል ላኪ የሚል የለም። ስልካቸውን እዚህ አታውጪው ስላሉኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። አርብ ከሆነ ከጁምዓ በኋላ ድረሱ።