ኖኪያ 1100፦ ተጠቃሚውን የማያስጨንቅ ስልክ

እ.ኤ.አ. በ2003 ለገበያ የቀረበውና ከ250 ሚሊዮን በላይ የተሸጠው ኖኪያ 1100፣ ካሜራም ኢንተርኔትም ሳይኖረው ይህን ያህል የተወደደው በርካሽነቱ ብቻ አይመስለኝም። ሰው አንድን ነገር ከአእምሮው ፈልጎ ከማስታወስ ይልቅ ፊት ለፊቱ ሲያየው መለየት እንደሚቀለው የሥነ ልቦና ጥናት ካሳየ ቆይቷል፤ የስልኩ አሠራርም ከዚሁ ጋር ይስማማል። ከስክሪኑ ግርጌ ያለችው ዋና ቁልፍ አንዲት ብቻ ስትሆን፣ በዚያች ቅጽበት የምትሠራው ሥራ ከበላይዋ በጽሑፍ ስለሚታይ ተጠቃሚው የሚሸመድደው ነገር የለም።

በተለይ የማደንቀው አከፋፈቱን ነው። የተቆለፈውን ስልክ ለመክፈት ዋናዋን ቁልፍ ሲጫኑ፣ ቀጥሎ የኮከብ ምልክቷን እንዲጫኑ ስልኩ ራሱ ይነግርዎታል። ሁለት ቁልፎችን በተከታታይ መጫን ማስፈለጉ ኪስ ውስጥ ሳለ በድንገት እንዳይከፈት ይከላከላል፤ መመሪያው ደግሞ ልክ በሚያስፈልግበት ሰዓት ይመጣል። (የዛሬዎቹ ውድ ስልኮች ግን ብዙውን ነገር በጣት ማንሸራተት ውስጥ ደብቀው ለግምት ይተዉታል።) የእጅ ባትሪውም ሜኑ ውስጥ መግባት ሳያስፈልግ አንድ ቁልፍ ተጭኖ በመያዝ ስለሚበራ፣ መብራት በጠፋበት ሌሊት እንኳ በዳበሳ ይገኛል።

መልእክት መጻፍ ግን አሰልቺ ነው፤ በአንድ ቁልፍ ላይ ሦስትና አራት ፊደላት ስለተደረደሩ ለአንዲት ፊደል ሦስት ጊዜ መጫን ሊያስፈልግ ይችላል። የስልኩ የራሱ የስም መዝገብም ከ50 ስሞች በላይ አይዝም። የሚፈልጉት መደወልና መቀበል ብቻ ለሆነ አረጋውያን ግን፣ ባትሪው ያልደከመ ያገለገለ ኖኪያ 1100 ከተገኘ ያለማመንታት እንዲገዛላቸው እመክራለሁ።