በባዶ ሆድ ወይስ የሦስት ወሩ የስኳር ምርመራ?

ደሴ ያሉት አክስቴ በባዶ ሆድ ስኳር ተለክተው 112 ወጣ። ደነገጡ። ከ100 እስከ 125 ሚሊግራም በዴሲሊትር ቅድመ ስኳር በሽታ ይባላል፤ ገና በሽታው አይደለም። አሁን ምን ይመርመሩ?

የባዶ ሆዱን መድገም ረከስ ይላል። ቢያንስ 8 ሰዓት ከምግብ መቆየት ያስፈልጋል፤ ውሃ ይቻላል። ግን የዚያን ጠዋት ብቻ ነው የሚያሳየው። ሕመም ወይም ጭንቀት ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው የሦስት ወሩ የደም ምርመራ ደግሞ ያለፉትን ከ2 እስከ 3 ወር የስኳር አማካይ ያሳያል፤ መጾምም አይጠይቅም። ከ5.7 እስከ 6.4 በመቶ ቅድመ ስኳር ነው። ደም ማነስ ካለ ግን ሊያሳስት ይችላል፣ ለሐኪሙ ይነገር።

አቅም ካለ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። እስከዚያው አክስቴ የቡናውን ስኳር ይቀንሱ፤ ጠዋት ጠዋትም ወደ ጦሳ ተራራ በኩል ቀስ እያሉ ይራመዱ።