ፒኤፍሴንስ ወይስ ኦፒኤንሴንስ? ለአነስተኛ መሥሪያ ቤት የኔትወርክ በር ሲመረጥ

ፋየርዎልን (ወደ ኔትወርኩ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚያጣራ)፣ የርቀት ግንኙነትንና የድረ ገጽ ካሽን (የተከፈቱ ገጾችን አስቀምጦ መልሶ የሚያቀርብ) በአንድ ሰርቨር ጠቅልለው ከሚይዙ ሶፍትዌሮች አንዱ የማይክሮሶፍቱ ፎርፍሮንት ቲኤምጂ ነበር። ድጋፉ በፈረንጆቹ 2020 አብቅቷል። ዛሬም በእርሱ የሚሠራ ቢሮ ካለ የደኅንነት ማስተካከያ አይደርሰውምና ነገ ዛሬ ሳይል ይቀይረው።

በምትኩ የሚነሡት ፒኤፍሴንስና ኦፒኤንሴንስ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ፒኤፍሴንስ በ2004 ሞኖዎል ከተባለ ሶፍትዌር ተገንጥሎ ተጀመረ፤ ኦፒኤንሴንስ ደግሞ በ2015 ከፒኤፍሴንስ ወጣ። ሁለቱም ፍሪቢኤስዲ በተባለ ስርዓተ ክወና ላይ ይሠራሉ፤ የፋየርዎላቸውም ሞተር አንድ ነው። ስለዚህ የትኛው ይበልጥ ይከላከላል ብላችሁ አትጨነቁ። ሕጎቹ በትክክል ከተጻፉ ሁለቱም ይጠብቃሉ።

ልዩነቱ ከባለቤቶቹ አያያዝ ይጀምራል። የአሜሪካው ኔትጌት የፒኤፍሴንስን ነጻ እትምና ፕላስ የተባለውን የንግድ እትም ለያይቶ ያወጣል። የኔዘርላንዱ ዴሲሶ የሚደግፈው ኦፒኤንሴንስ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጃንዋሪና በጁላይ፣ ዋና እትም ይለቃል። ሥራውን በጊዜ ሰሌዳ ለሚመራ ቢሮ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። በፒኤፍሴንስ በኩል የሚማርከው የተጻፈው መመሪያ ብዛት ነው፤ ሌሊት ችግር የገጠመው ቴክኒሻን ብዙ አይቸገርም።

ጊዜ ወስዳችሁ መመርመር ያለባችሁ የርቀት ግንኙነቱን ነው። አይፒሴክ፣ ኦፕንቪፒኤንና ዋየርጋርድ የተባሉት ከውጭ ወደ ቢሮው ኔትወርክ የሚያገናኙ ዘዴዎች በሁለቱም ይሠራሉ፤ ዋየርጋርድ ግን በኦፒኤንሴንስ አብሮ ሲመጣ በፒኤፍሴንስ ለብቻው ይጫናል። የሒሳብ ሠራተኛዋ በወር መጨረሻ ከቤቷ ሆና ስትሠራ ዋይፋዩ ተቋርጦ ወደ ሞባይል ዳታ ብትዞር፣ ዋየርጋርድ እንደገና ግቢ ሳይላት መስመሩን ያስቀጥላል። ነገር ግን የሚጓዘው ዩዲፒ በተባለው የመረጃ ማጓጓዣ ደንብ ብቻ ስለሆነ ዩዲፒን የሚዘጋ የሆቴል ኔትወርክ ያስቀረዋል። ኦፕንቪፒኤን እንዲህ ባለ ቦታ የተመሰጠሩ ድረ ገጾች በሚጓዙበት ቲሲፒ 443 መስመር ሊያልፍ ይችላል። ሠራተኞቻችሁ የሚጓዙ ከሆነ ሁለቱንም አዘጋጁላቸው።

ካሽን ተስፋ አድርጎ የሚመርጥ ሰው እንዳያዝን አስቀድሜ ልንገረው። ድሮ ሠላሳ ኮምፒውተሮች አንድ ገጽ ሲከፍቱ ስኩዊድ የተባለው የካሽ ሶፍትዌር አንዴ አውርዶ ለሁሉም ያካፍል ነበር። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ በኤችቲቲፒኤስ ስለሚመሰጠር መካከል ላይ የቆመ ካሽ ውስጡን አያይም። ለማየት ቢፈለግ በእያንዳንዱ መሣሪያ ላይ የቢሮውን የራሱን ዲጂታል የማረጋገጫ ሰርተፊኬት መጫን ግድ ይላል። ይህ የሠራተኛውን የባንክ ገጽ ሳይቀር ሊገልጥ ስለሚችል በፍጹም አልመክረውም። ኔትጌትም በደኅንነት ክፍተቶች ምክንያት የስኩዊድን ጥቅል ከድጋፍ ለማውጣት ወስኗል፤ በኦፒኤንሴንስ እንደ ተጨማሪ ይጫናል። ሳይመሰጠሩ በኤችቲቲፒ የሚወርዱ የሊኑክስ ጥቅሎችን ደጋግሞ ለሚጭን ቤተ ሙከራ አሁንም ይጠቅማል፤ ለሌላው ግን መምረጫ ምክንያት አይሁን።

አዲስ ለሚጀምር ቢሮ እኔ ኦፒኤንሴንስን እመርጣለሁ። ቴክኒሻናችሁ ፒኤፍሴንስን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ከሆነ ግን አታስቀይሩት፤ የሰው እውቀት ከእትም ይበልጣል። የምትገዙት ኮምፒውተር ቢያንስ ሁለት የኢንቴል ኔትወርክ ካርዶች ይኑሩት፤ የሪልቴክ ካርድ በፍሪቢኤስዲ ላይ ሲያስቸግር ይታያል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ሶፍትዌሩ ሲጫን የዜድኤፍኤስ ፋይል ሥርዓትን ምረጡ፤ ድንገተኛ መጥፋትን ይበልጥ ይቋቋማል። የሁለቱም ቅንብር በአንድ ፋይል ይጠቃለላል፤ ለውጥ ባደረጋችሁ ቁጥር አውርዳችሁ ከዚያ ኮምፒውተር ውጪ አስቀምጡት።