የሚዝገውን ሰንጢ መረጥኩ፤ ደግሜም እሱኑ እገዛለሁ

ለጉዞ የሚሆን ታጣፊ ሰንጢ ሊገዛ ለሄደ ሰው ሻጮች የሚሰጡት ምክር ተመሳሳይ ነው፤ የካርቦን ብረቱን ተወው፣ ይዝግብሃል፣ የማይዝገውን ውሰድ ይላሉ። ለእኔም ተነግሮኛል። አመስግኜ የሚዝገውን ገዛሁ። ከብዙ ወራት የድንኳንና የተራራ ጉዞ በኋላ ይህን የምጽፈው ያ ምክር ስንቱን መንገደኛ ከጥሩ መሣሪያ እንደሚያርቀው ሳስበው ስለሚያንገበግበኝ ነው።

ሰንጢው ኦፒኔል ቁጥር 8 ነው። ጆሴፍ ኦፒኔል እ.ኤ.አ. በ1890 በፈረንሳይ አልፕስ፣ ሳቮይ በተባለው ተራራማ ምድር የመጀመሪያውን ሲሠራ ገና 18 ዓመቱ ነበር። ቅርጹ ከዚያ ወዲህ ብዙ አልተለወጠም። የቢች እንጨት እጀታ፣ አንድ ስለት፣ ስለቱ የሚታጠፍበት ምስማር፣ የእጀታውን አንገት የሚያጠብቅ ብረትና በላዩ ላይ የሚዞር ቀለበት አለው፤ ሌላ ነገር የለውም። ስለቱ 8.5 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ጠቅላላ ክብደቱ ከ50 ግራም በታች ስለሆነ ኪስ ውስጥ መኖሩ ይረሳል።

በእነዚህ ወራት ዳቦ ቆርጧል፣ ሽንኩርት ከትፏል፣ ገመድ በጥሷል፣ የድንኳን ካስማ አሹሏል። ይህን ያህል ማንኛውም ደህና ሰንጢ ስለሚሠራው አልዘገይበትም።

ፈጽሞ ያልጠበቅሁት የመሳሉ ቅለት ነው። አንድ ቀን ሲዘንብ ውሎ ማታ እሳት ማንደድ ነበረብን። እርጥቡን እንጨት ልጠን ከውስጡ ደረቅ ፍቅፋቂ ለማውጣት እኔም ጓደኛዬም ሰንጢዎቻችንን ስናሠራቸው አመሸን፤ እሳቱ ሲያያዝ ሁለቱም ዶልዱመው ነበር። የጓደኛዬ ሰንጢ ስለቱ ወፍራም፣ ብረቱ የማይዝግ፣ አሠራሩም ዘመናዊ ነው። መሳያ ድንጋይ የያዘ ሰው አልነበረም። ከጅረቱ ዳር ጠፍጣፋና ልሙጥ ድንጋይ አንስቼ በውሃ አራስኩት፤ ስለቱን ትንሽ ቀና አድርጌ በሁለቱም ጎን አመላለስኩት፤ ከዚያም በቆዳ ቀበቶዬ የውስጥ ገጽ ላይ ወደ ኋላ እየጎተትኩ አሸሁት። ብዙም አልቆየሁበት። ቲማቲም ላይ ሳስቀምጠው ሳልጫነው ቆዳውን ሰነጠቀው። ጓደኛዬ በዚያው ድንጋይ ላይ ከእኔ እጅግ የበለጠ ደክሞ ስለቱ ቲማቲሙ ላይ ከመንሸራተት አላለፈም።

ልዩነቱ የእጅ ጥበብ አልነበረም፤ ከሁለታችን በመሳል የሚሻለው እሱ ነው። ልዩነቱ ብረቱ ነው። ብረት የማይዝግ ለመባል ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ያስፈልገዋል። ክሮሚየሙ በብረቱ ገጽ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ፈጥሮ ከዝገት ይከላከላል። ነገር ግን ከፊሉ ከካርቦን ጋር ተዋህዶ ካርባይድ የሚባሉ እጅግ ጠንካራ ቅንጣቶችን ይሠራል፤ ተራ ድንጋይ እነዚህን በቀላሉ አይበላቸውም። ስንስል በስለቱ አፍ ላይ የሚወጣው ቀጭን የብረት ጭራም በማይዝገው ላይ አልላቀቅ ብሎ ወዲያና ወዲህ እየታጠፈ ያታክታል። የእኔ ስለት ካርቦኑ 0.90 በመቶ ገደማ ሆኖ ያን ሁሉ ክሮሚየም ያልተሸከመ ብረት ነው፤ ድንጋይ ሲነካው እሺ ይላል፤ ጭራውም በቆዳ ላይ ቶሎ ይረግፋል። የማይዝጉ ብረቶች ሁሉ አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ፤ ቅንጣታቸው ደቃቅ የሆነ፣ የአልማዝ ብናኝ በተለበጠበት መሳያ ሰሌዳ ያለ ችግር የሚሳሉ አሉ። ተራራ ላይ ግን የአልማዝ ሰሌዳ ተሸክሞ የሚወጣ ስንት ሰው ነው? ድንጋይ በየጅረቱ ሞልቷል።

ስለ ሰንጢ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው ጥያቄ ስለቱ ለስንት ጊዜ ስል ሆኖ ይቆያል የሚለው ነው። ከቤት ርቆ ለሚያድር ሰው ዋናው ጥያቄ ሌላ ይመስለኛል፤ ሲዶለዱም ባለበት ቦታ፣ ባገኘው ነገር ሊመልሰው ይችላል ወይ? የሚዶለዱም ስለት አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ዶልዱሞ እስከ ጉዞው መጨረሻ እንደዚያው የሚቀር ነው። በደነዘ ሰንጢ የሚሠራ ሰው ኃይል ይጨምራል፣ ስለቱ ያመልጠዋል፣ እጁን ይቆርጣል።

አሁን፣ ወንድሜ ሻጭ፣ ስለ ዝገቱ እንነጋገር። አዎን፣ ይዝጋል። እርጥብ እንደሆነ አጥፈህ ብታሳድረው ጠዋት ቀይ ነጠብጣብ ታገኝበታለህ። አንተ ያልነገርከኝ ሌላውን ግማሽ ነው። ፖም፣ ሎሚ፣ ሽንኩርት በቆረጠ ቁጥር የስለቱ ቀለም ይለወጣል፤ መጀመሪያ ወርቅማ ጥላ ይታይበታል፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ይሆናል፣ ኋላም ወደ ድፍን ግራጫ ይሄዳል። ይህ ቀለም የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ጠባዩ ግን ከቀዩ ዝገት የተለየ ነው። ቀዩ እየተፈረፈረ ይረግፍና ከሥሩ ያለውን ብረት ለእርጥበት ያጋልጣል። ግራጫው ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ይቀርና የቀዩን መስፋፋት ያዘገያል። ስለዚህ ይህ ብረት በሥራ ላይ በዋለ ቁጥር ራሱን መከላከል ይማራል። ማንም ሻጭ ይህን ሲናገር ሰምቼ አላውቅም፤ መናገር ግን ነበረበት።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፖም ስቆርጥ የተቆረጠው ገጽ ይጠቁር ነበር፤ የብረት ሽታም ያመጣ ነበር። ሽፋኑ እየደለበ ሲሄድ ሁለቱም እየቀነሱ መጡ። ስለቱን ሆምጣጤ ውስጥ ነክረው በአንድ ጊዜ የሚያጠቁሩት ሰዎች አሉ። ይሠራል፤ እኔ ግን አላደርገውም። የእኔ ስለት አፉ አካባቢ ደመና የመሰለ ሰማያዊ አለው፤ ወደ ጀርባው እየጠቆረ ይሄዳል። እንዲህ ያለው ሌላ ሰንጢ የትም አይገኝም፤ በዚህም ደስ ይለኛል።

እንክብካቤ የሚባለው ነገርም ሰው እንደሚያወራው ከባድ አይደለም። ከሥራ በኋላ በጨርቅ መጥረግ፣ ከመታጠፉ በፊት ማድረቅ፣ አልፎ አልፎ አንድ ጠብታ ዘይት ማስነካት በቂ ነው። የምግብ ዘይት ሲቆይ ስለሚወፍርና መታጠፊያውን ስለሚያጣብቅ ለምግብ ዕቃ የተፈቀደ የማዕድን ዘይት ይሻላል። ይህን ለማድረግ የሚሰንፍ ሰው ድንኳኑንም ሳያደርቅ የሚጠቀልል ሰው ነው።

በአንድ እጅ የሚከፈተውን፣ በኪስ ጠርዝ የሚንጠለጠለውን፣ ስለቱ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር የሚወፍረውን የሚሸጡ ደግሞ ሌላ ክርክር ያመጣሉ፤ ጠንካራ ነው ይላሉ። ለምን ሥራ? ወፍራም ስለት ፖም ውስጥ ሲገባ ፖሙን አይቆርጠውም፤ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። ጉዞ ላይ ሰንጢ ከሚሠራው ሥራ አብዛኛው ምግብና ገመድ ነው፤ ሁለቱም የሚፈልጉት ቀጭን ስለት ነው። ግንድ መፍለጥ የሚፈልግ ሰው መጥረቢያ ወይም የማይታጠፍ ቢላዋ ይያዝ። ታጣፊን በዱላ እየመቱ እንጨት መሰንጠቅ መታጠፊያውን መስበር ነው፤ የጣሳ ክዳን መፈልቀቅም ጫፉን ይሰብራል። ይህ ለወፍራሙም ለቀጭኑም እውነት ነው።

ከመግዛቴ በፊት ሌሎች ነባር ታጣፊዎችንም በእጄ ይዤ አይቻለሁ። የጃፓኑ ሂጎኖካሚ መቆለፊያ የለውም፤ ስለቱን የሚይዘው በአውራ ጣት የሚጫኑት ትንሽ ጭራ ነው። ሲያዩት ያምራል፣ አሠራሩም ቀላል ነው። ነገር ግን አውራ ጣት ከቦታው ከተነሳ ስለቱ ነጻ ነው። ስለታቸው በሞላ (ስፕሪንግ) ብቻ የሚያዝ ታጣፊዎችም ለቀላል ሥራ በቂ ናቸው። ኦፒኔል ላይ የጆሴፍ ልጅ ማርሴል ኦፒኔል እ.ኤ.አ. በ1955 የጨመረው ቀለበት ግን ሲዞር የተከፈተውን ስለት ይቆልፋል፤ ከ2000 ወዲህ ደግሞ የታጠፈውንም እንዲቆልፍ ተደርጓል። ካስማ ሲሾል ጫፉ እንጨቱ ውስጥ ተቀርቅሮ ስለቱ ወደ ጣት ሊታጠፍ የሚፈልግበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ቀለበቱ ዋስ ነው። እኔ ሳልቆልፈው እንጨት አልነካበትም፤ ጀማሪም ይህን ከመጀመሪያው ቀን ልማድ ቢያደርገው እመክራለሁ። በአንዳንድ አገሮች የሚቆለፍ ስለት በሕግ ከማይቆለፈው ተለይቶ ስለሚታይ ድንበር የሚሻገር ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ። በአውሮፕላን ሲሄድም ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ያስገባው።

እጀታው እንጨት ነውና ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። ያን ጊዜ ስለቱ የእጀታው ስንጥቅ ውስጥ ተጣብቆ በጥፍር አልወጣ ይላል። ሳቮያውያን የሚያደርጉትን ማድረግ ነው፤ ቀለበቱን ከፍቶ የእጀታውን የኋላ ጫፍ በጠንካራ ነገር ላይ መታ መታ ማድረግ። ስለቱ በራሱ ብቅ ይላል። እንጨቱ ሲደርቅ ወደ ቦታው ይመለሳል። በዝናብ ቀን እጀታው በእርጥብ እጅ ውስጥ የማይንሸራተት መሆኑን ሳስብ ይህን እብጠት በደስታ እቀበለዋለሁ።

የማይዝገውን ግዙ የምለው ለአንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ ባሕር ላይ ለሚውል። ጨዋማ ውሃ የካርቦን ብረትን በፍጥነት ይበላዋል፤ ግራጫው ሽፋንም አይቋቋመውም። ኦፒኔል ይህንኑ ቅርጽ በማይዝግ ስለትም ስለሚሠራ ባሕርተኛው የሚያጣው የመሳሉን ቅለት ብቻ ነው።

በየብስ ለሚሄደው ግን ቀሪው ምርጫ መጠን ነው። ቁጥር 6 ስለቱ 7 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ለትንሽ እጅ ይመቻል፤ ዳቦ ላይ ግን ያጥራል። እጁ ሰፊ የሆነ 9ን ወይም 10ን ይያዝ፤ ስለታቸው 9 እና 10 ሴንቲ ሜትር ነው። 12 ኪስ ውስጥ ሲቀመጡ ጭን ይወጋል፤ ቦታው ቦርሳ ነው። ለእኔ 8 ልክ ነው፤ አራት ጣቶቼ እጀታው ላይ ሞልተው ያርፋሉ፣ አውራ ጣቴ የስለቱ ጀርባ ላይ ቦታ ያገኛል።