ያለ መብራት የሚያቀዘቅዘው ድርብ ሸክላ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ይህ ዕቃ ፍሪጅ አይደለም፤ ፍሪጅ ነው ብሎ የሚሸጠው ሰው ዕቃውንም ገዢውንም ይበድላል። አትክልት ቶሎ እንዳይጠወልግ የሚይዝ፣ የመጠጥ ውሃ የሚያበርድ፣ ቆጣሪ የማያስቆጥር የሸክላ ማቀዝቀዣ ነው። በደረቁ ወራት ከጠበቅኩት በላይ ሠራልኝ። አየሩ ሲረጥብ ደግሞ ቦታ ከመያዝ ያለፈ ጥቅም አልነበረውም። ለዚህ ሸክላ ሠሪው ጥፋት የለበትም፣ የአየሩ ጠባይ ነው። ስገዛው ግን ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አሠራሩን ለማያውቅ፦ ሁለት ያልተቀቡ ሸክላዎች አሉ፣ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠበብ ያለ። ጠባቡ በሰፊው ውስጥ ይቀመጣል፤ በመካከላቸው የሚቀረው ሁለት ሦስት ጣት የሚያህል ክፍተት በታጠበ አሸዋ ይሞላል፣ አሸዋው በውሃ ይርሳል፣ አፉ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። ውሃው በውጨኛው ሸክላ ጥቃቅን ቀዳዳዎች እየሰረገ ወጥቶ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። አንድ ሊትር ውሃ ለመትነን 2,400 ኪሎጁል ገደማ ሙቀት ይፈልጋል፤ የዚህን ከፊሉን የሚወስደው ከሸክላው ራሱና ውስጡ ካስቀመጥነው ነገር ነው። ሞተር የለው፣ ጋዝ የለው፣ ሽቦ የለው።

ሐሳቡ ጥንታዊ ነው፤ ውሃ በሸክላ ማብረድን ያልሞከረ ሞቃትና ደረቅ አገር የለም ማለት ይቻላል። ድርቡን በዘመናችን ያስተዋወቀው ናይጄሪያዊው መምህር መሐመድ ባህ አባ ነው። ሸክላ ከሚሠሩ ቤተሰቦች የተወለደው ይህ ሰው፣ በሰሜን ናይጄሪያ መብራት ያልደረሳቸው ገበሬዎች ምርታቸው በእጃቸው ሲበሰብስ አይቶ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ድርብ ሸክላ ማሠራትና ማከፋፈል ጀመረ፤ በ2000 የሰዓት አምራቹ ሮሌክስ የሚሰጠውን ሽልማት አገኘበት። ያኔ ከወጡት የሙከራ ውጤቶች በብዛት የሚጠቀሰው የደበርጃን ነው፦ በሦስት ቀን ይበላሽ የነበረው 27 ቀን ቆየ። ይህን ቁጥር ይዞ ገበያ የሚወጣ ሰው ግን ስለ ሰሜን ናይጄሪያ ደረቅ አየር ምንም አይናገርም፤ የኔ ቅሬታ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ዕቃ የአየሩ እርጥበት ባሪያ ነው። አየሩ 35 ዲግሪ ሞቆ እርጥበቱ 20 በመቶ ከሆነ፣ በትነት ሊደረስበት የሚችለው ዝቅተኛ ሙቀት 19 ዲግሪ ገደማ ነው። አየሩ 30 ዲግሪ፣ እርጥበቱ ግን 80 በመቶ ከሆነ ገደቡ 27 ይሆናል፤ ሦስት ዲግሪ ለማትረፍ ያን ሁሉ አሸዋ መሸከም ማለት ነው። ሸክላው ደግሞ እስከ ገደቡ ድረስ አይወርድም፣ ሁልጊዜ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ብሎ ይቆማል። ማሊ ውስጥ በእነዚህ ሸክላዎች ላይ ጥናት ያካሄዱት የአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ክፍል የሆነው የዲ ላብ ሰዎች ነገሩን በግልጽ አስቀምጠውታል፦ እርጥበቱ ከ40 በመቶ በታች፣ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በላይ፣ ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ፣ በየቀኑ የሚገኝ ውሃ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ገንዘብዎን ይያዙ።

ወደ ራሴ ልምድ ልመለስ። በደረቁ ወራት ውጭው 32 ዲግሪ ሲሆን ውስጡ 22 አካባቢ ይቆይ ነበር፤ ርካሽ ቴርሞሜትር በክር አስሬ አንጠልጥዬበት ነው የማየው። ትልቁ ጥቅም ግን ከቅዝቃዜው ይልቅ እርጥበቱ መሆኑን ያወቅኩት ቆይቶ ነው። ካሮት ውጭ ሲቀመጥ ሲለመጥ የሚጎብጥ፣ እንደ ጎማ የሚሆን ነገር ነው፤ እዚህ ውስጥ ግን ከሳምንት በኋላም ሲሰበር ቀጭ ይላል። ጎመንና ሰላጣ ሥራቸውን ወደ ታች አድርጌ ሳቆማቸው ቅጠላቸው አይረግፍም። ቃሪያ ቆዳው ሳይጨማደድ ይሰነብታል። ቲማቲምማ ጭራሽ ከእውነተኛው ፍሪጅ ይልቅ እዚህ ይመቸዋል፤ ፍሪጅ ውስጥ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ጣዕሙን ያጣል፣ ሥጋውም ዱቄት ዱቄት ይላል።

የማይገባበትን ልናገር። ሥጋ፣ ወተት፣ የተረፈ ወጥ በፍጹም። ለእነዚህ የሚያስፈልገው ከ5 ዲግሪ በታች ነው፤ ይህ ዕቃ በምርጥ ቀኑም እዚያ አይደርስም። በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ መምሰሉ ያታልላል፣ ለተሐዋስያን ግን ምቹ ቤት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይስማማቸውም፤ እነሱ ደረቅ አየር ይወዳሉ፣ እዚህ ውስጥ ይበቅላሉ ወይም ይሻግታሉ። ጥራጥሬና ዱቄት እንዲሁ። የበሰለ ሙዝ ከቅጠላ ቅጠል ጋር አንድ ላይ አይግባ፤ ከሙዙ የሚወጣው ጋዝ ቅጠሉን ያቢጫል።

ዕቃውን ማንበብ ይለመዳል። የራሰ ሸክላ ጥቁር ቡናማ ነው፣ የደረቀው ፈዛዛ። ውሃው እያለቀ ሲሄድ ከከፈፉ ሥር ቀጭን ፈዛዛ ቀለበት ብቅ ይላል፣ ቀስ እያለም ወደ ታች ይሰፋል። አንድ ጎን ብቻ ከፈዘዘ ነፋሱ ከዚያ በኩል ይመጣል ማለት ነው፤ ስለዚህ ውሃውን ስጨምር በዚያ በኩል አበዛለሁ። መዳፍ ጠፍጠፍ ሲደረግበት እርጥብ ሆኖ ካልቀዘቀዘ ደግሞ ችግሩ ውሃ አይደለም፣ ቦታው ታፍኗል። መጀመሪያ የተቀመጠበት የጓዳ ጥግ እንዲህ ነበር፤ ራሱ የሚተፋው እርጥበት ክፍሉን ሞልቶት ሥራውን ያቆማል። መስኮትና በር ትይዩ ወደሆኑበት ጥላ ሲዛወር ሌላ ዕቃ ሆነ።

ነጩ ነገርም አለ። ውሃው ማዕድን የበዛበት ከሆነ ሲተን ጨዉ ውጭ ላይ ይቀራል፤ ከወራት በኋላ የታችኛው ወገብ ነጭ ጢም አበቀለ። መልኩ ባያሳስብም ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፣ ቅዝቃዜውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በጠንካራ ብሩሽና በንጹህ ውሃ ሲፈገፈግ ይለቃል። ሳሙና አይነካው፤ ሸክላ ሳሙና ይጠጣል፣ ሽታው ወደ አትክልቱ ይሄዳል። የአፉ ጨርቅ በሁለት ቀን አንዴ ካልታጠበና ፀሐይ ካልመታው ይሻግታል። እኔ አሁን በቃጫ ጆንያ ቁራጭ ለውጬዋለሁ፤ ውሃ በደንብ ይይዛል፣ ቶሎም አይሸትም። አትክልቱም የውስጡን ግድግዳ እንዳይነካ ከታች የሽቦ ማንጠልጠያ ጠምዝዤ የሠራሁት ማስቀመጫ ገብቶበታል፤ ግድግዳ የነካ ሁሉ ከዚያ ጎኑ ይበሰብሳል።

አሁን ደግሞ ማስታወቂያው ላይ የማይነገረው ዋጋ። ድርቡ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣል፤ በሞቃት ነፋሻ ቀን ሁለት ሦስት ሊትር ምንም አይመስለውም። የሚሠራው ያለ መብራት ነው፣ ግን ያለ ሰው አይደለም፤ የዚህ ማቀዝቀዣ መብራት እኔ ነኝ። ሁለት ቀን ከቤት ከጠፋሁ ይደርቃል፣ ደርቆም ውስጡ ያለው ሁሉ እንደ ማንኛውም ቅርጫት ይጠወልጋል። ቧንቧ ለቀረበው ቤት ይህ ኢምንት ነው። ውሃ በጀሪካን ከሩቅ ለሚመጣበት ቤት ግን ሦስት ሊትር የአንድ ሰው ጀርባ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም የሴት ወይም የልጅ ጀርባ። በአነስተኛ አቅም ስለተሠሩ ፈጠራዎች የሚጻፉ ሙገሳዎች የገንዘቡን ቁጠባ ይቆጥራሉ፣ የእግሩን መንገድ አይቆጥሩም። እኔ ርካሽ ነው የምለው ሁለቱም ተደምረው ሲያዋጡ ነው፤ ለብዙ ቤት ያዋጣል፣ ለሁሉም ግን አይደለም። አትክልት ለሚሸጥ ሰው፣ አንድ ቀን ተጨማሪ መቆየት በርካሽ ጥሎ ከመሄድ የሚያድነው ስለሆነ፣ ውሃው ዋጋውን ይመልሳል። በቀን በቀኑ ገዝቶ በቀኑ የሚጨርስ ቤት ግን ምን ያደርግለታል?

ከአማራጮቹ ጋር ሳስተያየው፣ ሕንዳዊው ሸክላ ሠሪ ማንሱክባይ ፕራጃፓቲ የሠራው ሚቲኩል በአሠራር ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2001 ጉጃራትን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ሸክላዎቹን ከሰባበረበት በኋላ የጀመረው ሥራ ሲሆን፣ ሣጥን መሰል ቅርጽ አለው፤ ውሃው ላይኛው ክፍል ይቀመጣል፣ በግድግዳው ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ለመጠጥም ቧንቧ ተገጥሞለታል። መደርደሪያና በር ስላለው እንደኔው ዕቃ ታችኛውን ለማውጣት የላይኛውን ሁሉ ማራገፍ የለም። ብዙ ምርት ላለው ደግሞ የሕንድ የግብርና ምርምር ተቋም ያወጣው የጡብ ክፍል ይሻላል፦ ድርብ የጡብ ግድግዳ፣ መሃሉ እርጥብ አሸዋ፣ ክዳኑ ሣር። ሙያተኛ አያስፈልገውም፣ ከተሠራ በኋላ ግን አይነሳም። የኔው ይነሳል ይባላል እንጂ አሸዋው ከራሰ በኋላ ለሁለት ሰውም ይከብዳል። እንደሞላ መጎተት አይገባም፤ ሥሩ ይነቃል፣ የነቃ ሸክላ ደግሞ ውሃውን ወለል ላይ ይጨርሰዋል።

ሠሪዎቹ ቢያሻሽሉልኝ የምለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሥሩ አየር እንዲያገኝ ከብረት መቆሚያ ጋር አብሮ ይሸጥ፤ መሬት ላይ የተቀመጠ ድርብ ሥሩ አይተንም፣ ውሃ ያቁራል። ሁለተኛ፣ የአሸዋው ክፍተት አፍ ሰፋ ይበል። አሁን ባለው ጥበቱ ውሃ በጣሳ ሲጨመር ግማሹ ውስጥ አትክልቱ ላይ ይገባል፤ እኔ አንገቱ የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ገልብጬ እንደ ማንቆርቆሪያ እጠቀማለሁ።

አየሩ ሲረጥብ አሸዋውን አውጥቼ ሁለቱንም ሸክላ ፀሐይ ላይ አደርቃለሁ። እርጥብ አስቀምጦ መርሳት ሻጋታን መጋበዝ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ማጠጣትም ከልምድ የመጣ ግትርነት ካልሆነ ምንም አያተርፍም።

ለመግዛት ያሰበ ሰው ሻጩ ፊት ሦስት ነገር ይሞክር። በጣቱ ጫፍ ሸክላውን ኳ ያድርገው፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፣ የታፈነ ከሆነ የሆነ ቦታ ነቅቷል። ውጨኛው ግድግዳ ላይ የውሃ ጠብታ ያኑር፤ ወዲያው ከጠጣው ይግዛ፣ ጠብታው ክብ ሆኖ ከተንከባለለ ቀለም ወይም ቫርኒሽ ተቀብቷልና ይተወው። ለእኔም አንዱ ሻጭ በጣም የሚያብረቀርቅ አቅርቦልኝ ነበር፣ «ይሄኛው ለዓይን ያምራል» እያለ፤ የተቀባ ግን አይተንም፣ የማይተን ደግሞ አያቀዘቅዝም። በመጨረሻም ትንሹን በትልቁ ውስጥ አስገብቶ ዙሪያውን በጣቱ ይለካ፤ ክፍተቱ በአንድ ጎን ከጠበበ አሸዋው እኩል አይዝም፣ በዚያ በኩል ያለው አትክልት ሁልጊዜ ቀድሞ ይሄዳል።